አርብ ጎሬ፣ እሁድ መቱ

መስቱራ ወንድሜን ስትፈታ እኔንም የፈታች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔን ማን ሊፈታኝ። ሰይፈዲን ታናሽ ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ግን ስለ እሷ ክፉ የሚያወራ ካገኘሁ ልክ ልኩን ነው የምነግረው።

መስቱራ መቱ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ናት። በ2010 ሲፋቱ ልጃቸው ጀናት ሰባት ዓመቷ ነበር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንዲህ ብለው ቆረጡ፦ ሳምንቱን እናቷ ጋ መቱ ትማር፣ አርብ ከሰዓት ጎሬ አባቷ ጋ ትምጣ፣ እሁድ ትመለስ። አባት ተብዬው ደግሞ ቡና ነጋዴ ነው፤ ቡና ሲደርስ ከገጠር ገጠር ሲዞር ቤት አይገኝም። ስለዚህ ልጅቷ የምታድረው እኔ ጋ ነው። የአባቷ እህት ነኝና «አዳዳ» ትለኛለች። እኔ አልወለድኩም። አርብ እስኪደርስ እንዴት እንደምሆን አላህ ያውቃል።

ሰይፈዲን አርብ ከገጠር ሳይመለስ ሲቀር መስቱራ አንድ ቀን እንኳ ልጅቷ ፊት ስሙን በክፉ አላነሳችም። «መንገዱ ጭቃ ሆኖበት ነው» ትላታለች። እኔ ብሆን እርግማኑን አወርደው ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ዘመዶቻችን የወንድሜን ጆሮ ነፉትና ጀናት ጠቅልላ ጎሬ ትግባ ብሎ እንደገና ሽማግሌ አስቀመጠ። ቀጠሮው ሰኞ ነበር። ሽማግሌ ደግሞ ልጅን ካለበት ቤት ማስነሳት እንደሚከብደው አገሩ ሁሉ ያውቃል። «ይቺን አርብ እንዳትልኪያት፣ ያስቀሩብሻል» ያላላት ጎረቤት አልነበረም። መስቱራ ግን ጎሬ ይበርዳል ብላ ወፍራም ሹራብ አልብሳ ላከቻት።

እሁድ ጠዋት ሰይፈዲን መጣ። «ዛሬ እንዳትልኪያት፤ ነገ ከእኛ ጋ ትገኝ» አለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። በየቀኑ «አዳዳ» ስትለኝ፣ ከትምህርት ቤት ስቀበላት ታየኝ። እሺ ልል ነበር።

ጀናት ግን ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ጫማዋን አስራ በሩ ላይ ቆማለች። «አዳዳ፣ እንሂድ፤ እማዬ መናኸሪያ ቆማ ትጠብቀኛለች» አለችኝ። እጇን ይዤ ወጣሁ።

ሰይፈዲን ተከተለኝ። «አንቺ የማን እህት ነሽ?» አለ።

«ባለፈው ወር ስንት አርብ ቤትህ ተገኘህ?» አልኩት። ልጅቷን ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ፣ ለሾፌሩ አደራ ሰጥቼ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ ሁሉንም፣ የእሁዱንም ጭምር ሰሙ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ሼህ መህዲ ወደ መስቱራ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ጉዳዩ እዚህ ደርሶ እያለ ምን ተማምነሽ ላክሻት? ቢያስቀሯትስ ኖሮ?»

መስቱራ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እትዬ ከዲጃ ቤት ነው የላኳት» አለች። በእጇ ወደ እኔ አመለከተች።

ሼህ መህዲ ወንድሜን አዩት፣ እኔንም አዩኝ፤ የፊተኛው ውል ይጽና አሉ። የጎሬ ሰው መካን ብሎኛል፣ ምላሳም ብሎኛል። ያን ቀን ግን በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ልጅ አደራ የሚባልበት ቤት የእኔ ቤት ሆነ።