ጤና ጣቢያው ሳያልቅ የተዘጋው ክስ

ባለቤቴ ከግንበኝነት ተነሥቶ ተቋራጭ የሆነ ሰው ነበር። ክልሉ ገና እንደተቋቋመ፣ ቢሮዎቹ ወንበር እየተዋዋሱ በሚሠሩበት ጊዜ፣ ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ጤና ጣቢያ ሊሠራ ከጤና ቢሮው ጋር ተዋዋለ። ጓዛችንን ጠቅልለን ከወለጋ መጣን።

ግድግዳው ቆሞ ክረምት ገባ። መንገዱ ተቆረጠ፤ ቢሮው አቀርባለሁ ያለው ቆርቆሮም ሳይመጣ ቀረ። በጋ ሲሆን ቢሮው «ሥራውን ጥሎ ጠፍቷል» ብሎ ውሉን አፈረሰበት፤ ካሣም ጠየቀው።

ባለቤቴ ከሰሰ። ከኪሳራው ይልቅ ያንገበገበው ያ ቃል ነበር። ከችሎት በተመለሰ ቁጥር «የት ጠፋሁ? ይኸው እዚሁ አይደለሁም እንዴ?» ይለኛል። አንድ ቀን ዳኛ አልተሟላም ይባላል፣ ሌላ ቀን የቢሮው ኃላፊ ተቀይሮ አዲሱ ጉዳዩን አያውቀውም። እንዲህ በቀጠሮ ስንጉላላ ወባ ያዘውና ሞተብኝ። ክሱን እንደ ወራሽ እኔ ቀጠልኩ።

በመጨረሻ የተሾመው ኃላፊ ቁጥብ የበርታ ሰው ነበር። ያቺ መንደር የእናቱ አገር ናት። አማርኛን ያወቀው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። አንድ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ወደ ዛፉ ጥላ ጠራኝ።

«እህቴ፣ አንተ ደክሞሃል። እኛም ደክሞናል። ክሱን ተው፣ እኛም ካሣውን እንተው። በስምምነት ይለቅ።»

«ጥሎ ጠፋ ያላችሁትስ?»

መሬት መሬት አየ። «ያን ያለው ሰው ዛሬ ቢሮ የለም። እኔ ውሸት ነው ካልኩ ቢሮው ጥፋተኛ ይሆናል። ነገረ ፈጁ እንቢ አለ።»

«ሕንፃውስ?»

«ስምምነቱ ላይ የለም።»

ጥዬው ልሄድ ነበር። ግን ሌላ ክረምት ችሎት በር ላይ ተቀምጬ ማሳለፍ አቃተኝ። እሺ አልኩ።

ዳኛው ስምምነቱን አነበቡ። ማንም ጥፋቱን አላመነም፤ ማንም ከማንም ምንም አይጠይቅም። «ወደሽ፣ ሳትገደጂ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። ፈረምኩ።

አገሬ ከመግባቴ በፊት ሕንፃውን ልየው ብዬ ለመንኩትና ኃላፊው በቢሮው መኪና ወሰደኝ። ዝናብ ግድግዳውን ከአናቱ ጀምሮ በልቶታል። በመስኮቶቹ ሣር ወጥቷል። ብዙም አልቆየንም። ስንመለስ በቃሬዛ ሴት የተሸከሙ ሰዎች መንገድ ላይ አገኘን። ምጥ ላይ ነበረች። ኃላፊው አሳፈራቸው፤ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አስደገፍኩት። እያቃሰተች በበርታኛ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ምን አለችህ?»

«ይሄ ሰው ማነው አለ።»

«ምን አልካት?»

«እንግዳ ነው አልኩ።»

አሶሳ ሆስፒታል በረንዳው ላይ አስተኝተናት ወጣን። ትዳን አትዳን አልሰማሁም። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወለጋ ገባሁ።