ሰው ያልሞተበት ድንኳን

እናቴ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው ጉቴ ጤና ጣቢያ ነው፤ የምንኖረው ግን ነቀምቴ። ድሮ ጉቴ ነበርን። የተከራየናትን ክፍል ባለቤቶቹ ሊያገባ ለደረሰው ልጃቸው ፈለጓትና ፍራሻችንን ባጃጅ ላይ ጭነን ወጣን። ከዚያ በኋላ በእናቴ ደመወዝ የሚከራይ ቤት ጉቴ ውስጥ ተፈልጎ ጠፋ። እሷም ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ በሚኒባስ ትመለሳለች፤ ተረኛ ስትሆን ደግሞ ጭራሽ አትመለስም። እራት አብረን የበላንበትን ቀን እኔ እንደ በዓል ነው የማየው።

ስለዚህ የጉቴ መምህራን፣ ነርሶችና የግብርና ሠራተኞች የቤት ማኅበር መሥርተው መሬት ሲፈቀድላቸው ከእናቴ ይልቅ የዘለልኩት እኔ ነኝ።

መሬቱ አስፋልቱ ዳር ያለ ሜዳ ነው፤ ትልቅ አይደለም። ሁሉም አባል ቤት እንዲደርሰው ቤቶቹ ግድግዳ እየተጋሩ በሁለት ረድፍ፣ ፊት ለፊት መሠራት አለባቸው። ይህን ደግሞ ሁሉም መቀበል አለበት። አንድ ሰው ከወጣ ማኅበሩ ጎደሎ ይሆናል፣ ጎደሎ ከሆነ መሬቱ ይመለሳል።

እምቢ ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አንጋፋው የሒሳብ መምህር። ጉቴ ውስጥ ማካፈል የሚችል ሰው ሁሉ ከእሳቸው ነው የተማረው። እሳቸው ግን ግድግዳ አላካፍልም አሉ።

«ቤት ስጡኝ እንጂ! ይሄ የባቡር ፉርጎ ነው» አሉ ስብሰባው ላይ።

«ጋሼ፣ ባቡር የት አይተው ያውቃሉ?» አለ አንድ የግብርና ሠራተኛ።

«ባላየውም አልኖርበትም!»

የማዘጋጃ ቤቷ መሐንዲስ ገና ወጣት ናት። ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ደጋግማ አስረዳች። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ «አዎ፣ አዎ» ይላል፤ የገባው ግን አልነበረም። ከእናቴ ጋር መጥቼ አጠገቧ ተቀምጬ ስለነበር ፕላኑን እኔም አየሁት፤ መኪና ማቆሚያ የመሰለኝ ቦታ መታጠቢያ ቤት ሆኖ ተገኘ።

«መሬቱ ላይ በልኩ ብናሠምረውስ? እንደ ኳስ ሜዳ» አልኩ። ከአፌ ነው የወጣው። መሐንዲሷ አየችኝና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቋርጣ «ቅዳሜ አመድ አምጡ» አለች።

ቅዳሜ ከዳቦ ቤቱ አመድ በጆንያ መጣ። ሲባጎ ወጥረን፣ ችካል መትተን፣ ግድግዳውንም በሩንም አጥሩንም በአመድ አሠመርን። ከዚያ ሰዉ ቤቱን ሊያይ ገባ። እግዚኦ! በግድግዳው በኩል ይገባል፣ በግድግዳው በኩል ይወጣል።

«ኧረ በበር ግቢ! ሳሎኔን አቋረጥሽው!»

«በሩ የቱ ነው?»

«አመድ የሌለበት ነዋ!»

አንዷ ነርስ መኝታ ቤቷ በቂ መሆኑን ልታይ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። «እግሬ ጎረቤት ገባ!» ብላ ጮኸች። እናቴ ደግሞ ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ አየር ታማስላለች። እኔ ጨው ቀመስኩላት።

መምህሩ ጃንጥላቸውን ይዘው ዘግይተው መጡ። ከሁላችንም በበር የገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ ዞር ዞር ብለው ቆሙና፣ «መልካም። ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ። ስድራቸው ድንኳኑን የት ነው የምተክለው? መኝታ ቤቴ ውስጥ?» አሉ።

ለካ ፉርጎው አልነበረም ነገሩ! በየበሩ ፊት ጠባብ አጥር፣ በአጥሮቹ መሃል ጠባብ መንገድ ነበር የተሠመረው፤ ድንኳን የሚቆምበት የለም።

«አዳራሽ መከራየት ይቻላል» አለ የግብርና ሠራተኛው።

«ለለቅሶም አዳራሽ ልትከራይ ነው?» አለችው እናቴ።

መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን ነከሰች። «ድንኳን... አላሰብኩትም» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲህ ቤቱን ከሞከርን ድንኳኑንም እንሞክራ!» አለች እናቴ።

የጤና ጣቢያው ጥበቃ የእድሩ ንብረት ያዥም ናቸው። ድንኳኑን በጋሪ አስመጡልን። ስንተክለው አንዱ ገመድ የእናቴን ኩሽና ለሁለት ሰነጠቀው። መሐንዲሷ ትንሽ አሰበችና የፊት አጥሮቹን አመድ በጫማዋ ማጥፋት ጀመረች። «የየበሩ አጥር ይቅር። መሃሉ የሁላችሁም ግቢ ይሁን።»

«ዶሮዎቼስ?» አለች ያቺ ነርስ።

«ዶሮሽ በጓሮ!» አላት ሰዉ ሁሉ ባንድ አፍ።

ነቅለን እንደገና ተከልነው። አሁን በሁለቱ ረድፍ መሃል ልክክ አለ። መምህሩ ከሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ጃንጥላቸው ላይ አስደግፈው ማሰብ ጀመሩ።

አንዳችንም ያላሰብነው ግን የእድር ድንኳን አስፋልት ዳር ሲተከል መንገደኛው ምን እንደሚል ነው። ከሲሬ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ ሚኒባስ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወረዱ። የፊተኛዋ አሮጊት ገና ከመንገዱ ጀምረው «ዋዮ! ዋዮ!» እያሉ መጡ፤ መሃል ላይ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡትን መምህር ሲያዩ በቀጥታ ሄደው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ።

«አዳዳ፣ ኧረ ማንም አልሞተም!» አሉ መምህሩ፣ ሴትዮዋን በአክብሮት አክስቴ ብለው በኦሮምኛ እየጠሩ።

«አይዞህ የኔ ልጅ። መጀመሪያ ላይ አይታመንም» አሉና ባሰባቸው።

እኔ ሳቄን ልውጥ ብዬ እንባዬ መጣ። ያን ያየች አንዲት ሴት «ልጃቸው ናት መሰል፣ የኔ ምስኪን!» ብላ አቀፈችኝ። በኋላም ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልምምዳቸውን አቋርጠው ደረሱ፤ ከገበያ የሚመለሱትም ዕቃቸውን አስቀምጠው ገቡ። ድንኳኑ ሞላ።

«ቤት ልንሠራ ነው እኮ!» እያለች እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች።

«ቤት? የታለ ቤቱ?»

«የቆሙበት ሳሎን ነው፣ እማማ» አልኳቸው አሮጊቷን። ደንግጠው እግራቸውን አነሱና አመዱን አይተው «ውይ፣ ግድግዳ ረገጥኩ!» አሉ። ያን ጊዜ ነው ድንኳኑ በሳቅ የፈረሰው። ለለቅሶ የመጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይሸኝም ተባለና መንገድ ዳር ከምትጠብሰው ሴት በቆሎ እሸት መጣ። ሰዉ ተቀምጦ መጋጥ፣ ማውራት ያዘ። የሚኒባሱ ሾፌርም ጥሩምባውን መንፋት ትቶ ተቀመጠ።

መምህሩ ተነሥተው በሰዉ መሃል ዞሩ። ዓይናቸው ሲደምር ይታየኝ ነበር፤ ሙሽሮቹ እዚህ፣ ሽማግሌዎቹ እዚያ፣ ምግቡ በዚህ በኩል። ካስማው ጋ ቆሙ።

«ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች እናቴ። በቆሎዋን መጋጥ አቁማ ነበር።

«ታንኮራፊያለሽ?»

«ተረኛ ካልሆንኩ።»

ጃንጥላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን፣ መልስ እንዳወቀ ተማሪ፣ ወደ ላይ ቀጥ አድርገው አወጡ። ምን እንደተወሰነ በቅጡ ያልገባቸው አሮጊት ከሁላችንም ቀድመው እልል አሉ። እናቴ ግን እልል አላለችም፤ እኔን በጥፍሯ ቆነጠጠችኝ። ደስ ሲላት እንዲህ ነው የሚያደርጋት።

አሁን ግድግዳው ወገቤ ደርሷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብሎኬቱ እንዳይሰነጠቅ ውሃ ልናጠጣ እንሄዳለን። መምህሩም ይመጣሉ፤ የጋራው ግድግዳ ላይ በክርናቸው ተደግፈው ወደ እኛ ሳሎን ያያሉ።

«ሴትዮ፣ ከአሁኑ ድምፅሽ ይረብሻል።»

«ገና ጣሪያ ሳይወጣ፣ ጋሼ!»

እኔ የፕላስቲክ ባልዲዬን ይዤ የእኛን በኩል አጠጣለሁ፤ ከዚያ ዞሬ፣ በበሩ በኩል ገብቼ፣ የእሳቸውንም።