ለአባቴ እጅ የሚሆን ካሜራ

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አቃቂ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበር። በእረፍት ቀኑ ፎቶ ያነሳል። ክርስትና ወይም ሠርግ ከጠሩት ሄዶ ያነሳና የፊልሙንና የማሳጠቢያውን ብቻ ይቀበላል። ማንም ካልጠራው ደግሞ የድሮውን ሐዲድ ተከትሎ እየሄደ ዓይኑ የገባውን ሁሉ ያነሳል። ፎቶ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዛሬ ቃሊቲ ባለ አንድ መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ብሆንም፣ ቅዳሜ ሲመጣ ትንሿን ዲጂታል ካሜራዬን ሳላነግት ከቤት አልወጣም።

ፊልም ከገበያ ሲጠፋ የእሱ ካሜራ ተቀመጠ፤ ከዚያም ተበላሸ። ሌንሱ ግን ደህና ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም ስንገባ ሌላው ዕቃ ሁሉ በአይሱዙ ሲጫን፣ ሌንሱን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው የመጣው።

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው እዚሁ ከገባን በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለትና በሽታው እንደማይለቀው፣ መድኃኒቱ ግን እንደሚያቀልለት ነገረን። አባቴ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ምሳ እየበላን ሳለ፣ «ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ» አለኝ። «በራሴ ሌንስ።»

ማገናኛ ቀለበት ፈልጌ ሌንሱን ከትንሿ ካሜራዬ ጋር ገጠምኩለት። ዓይኑን አስጠግቶ ሳሎናችንን አየ።

«ምን አደረግሽው? ዳር ዳሩን ቆርጠሽዋል።»

«እኔ አልቆረጥኩትም አባዬ። ምስል የሚያርፍበት የዚህች ካሜራ ሴንሰር ከፊልም ያንሳል። ሌንስህ የሚያየውን ሁሉ መያዝ አትችልም።»

«ሁሉን የምትይዝስ የለችም?»

«አለች። ፉል ፍሬም ይሏታል። ሴንሰሯ ልክ የፊልሙን ያህል ነው።»

«እሷ ትሁና» አለ፣ ከሱቅ ስኳር እንደሚያስመጣ ሰው።

እናቴ ሳህን እያነሳች ሰማችን። «ካሜራው እጁን ያክመዋል?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በስልኬ ላይ ነው ያሳለፍኩት። አውቶቡስ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሊጥ እስኪቦካ ሳይቀር ስለ ካሜራ አነባለሁ፤ ስለ እሱ በቪዲዮ የሚያወሩትን ሰዎች አያለሁ። ለጀማሪ የሚሆኑት ፉል ፍሬሞች ብዙ አይደሉም፤ እኔ ግን ከመካከላቸው አንዱን መለየት አቃተኝ። ያገለገለው፣ ውስጡ መስታወት ያለው የቀድሞ ዓይነት ካሜራ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል። አዲሱና ቀላሉ እንደ ላባ ነው፤ ግን መንቀጥቀጥን የሚከላከል ነገር የለውም። ሦስተኛው ሴንሰሩ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የእጅን መንቀጥቀጥ ያስተካክላል፤ ቁልፎቹ ግን የምስር ፍሬ ያክላሉ። የአንዱን ጉድለት ሌላው ሲሞላው፣ ሌላ ጉድለት ይዞ ይመጣል። ሁሉም መካሪዎች የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበር፦ ዛሬን ብቻ አትይ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምትሆኚውን አስበሽ ግዢ። የአባቴ እጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምን እንደሚሆን ሐኪሙን ጠየቅኩት። ከሰው ሰው ይለያያል አለኝ።

በመጨረሻ ራሱ ይሞክራቸው ብዬ አንድ ቅዳሜ ይዤው ወጣሁ። በሚኒባስ ቃሊቲ ደርሰን፣ በቀላል ባቡር ስታዲየም ወረድን። የካሜራ ሱቁ ውስጥ ያለችው ሻጭ ጨዋ ልጅ ናት። ወንበር ሰጠችውና፣ «አባባ፣ ይቀመጡ፤ የፈለጉትን ላውጣልዎት» አለችው። እሱ ግን ቆሞ ነው የሞከረው።

ከባዱን ሲያነሳ ክንዱ ወዲያው ዛለ። ቀላሉን ሲይዝ ደግሞ መሞከሪያ ብሎ ወደ እኔ አዞረው። ጣቱ ቁልፉ ላይ ስለተንቀጠቀጠ ካሜራው ማቆሚያ አጥቶ ደጋግሞ አነሳ። ሻጯ መደርደሪያ የምታስተካክል መሰለች። አባቴ ስክሪኑ ላይ የተዘባረቀውን ፊቴን አየና፣ «ፈረስ ላይ ሆኜ ያነሳሁሽ ይመስላል» አለ።

ሦስተኛው ላይ፣ በሱቁ ሌንስ፣ አንዴ ብቻ ተጫነ። ሻጯ ምስሉን አጉልታ አሳየችው። ሽፋሽፍቶቼ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን ለረጅም ጊዜ አላነሳም።

«የራሴን ሌንስ ልግጠምበት» አለ ቀጥሎ፤ ሌንሱንም ማገናኛውንም ከቤት ይዘን ነበር።

ሌንሱ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ ማገናኛ ቀለበቱ ላይ ካለችው ነጥብ ጋር ማገጣጠም ነው፤ ድሮ ጨለማ ውስጥም ያደርገው ነበር። አሁን ነጥቦቹ አልገናኝ አሉ። ብረት ከብረት እየተጋጨ ይንቃጨላል። እጄን ስዘረጋ ካሜራውን ወደ ደረቱ ሳበው። እጄን መለስኩ። ከኋላችን ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ባግዘው ሰው ፊት አሳንሰዋለሁ፤ ባላግዘው እዚያው እንደቆመ ሊውል ነው። ምን ላድርግ? ሻጯን አየኋት፤ እሷም እኔን አየችኝ። በኋላ ራሱ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ሌላ ቀን እንመለሳለን፣ የኔ ልጅ» አላት።

ባቡሩ ውስጥ ሌንሱን በፎጣው ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«የምፈልገውን አውቃለሁ» አለኝ ሳሪስን ስናልፍ። «የምችለውን ግን አላውቅም። አንቺው ምረጪልኝ።»

ሦስተኛውን መረጥኩ። ገዝቼ አመጣሁና ሌንሱን እኔው ገጠምኩለት፤ እንዳትፈታው ብዬም ለመንኩት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ በፀሐይ ያነሳል፦ ታች ግቢ ውስጥ የተሰጣውን በርበሬ፣ ሩቅ ያሉትን የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች። ምስሎቹ አይንቀጠቀጡም ነበር። ልክ መርጫለሁ ብዬ ሥራ ቦታ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ቅርብ ያለ ነገር ማንሳት ሲጀምር ነው ችግሩ የመጣው። የድሮ ሌንስ ራሱ አያስተካክልም፤ ምስሉ ጥርት እንዲል ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት በጣት ቀስ አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል። ሩቅ ላለ ሕንፃ ያን ያህል መጠንቀቅ አያሻም፤ ለሰው ፊት ግን የፀጉር ያህል ብትስት ተበላሸ። የእሱ ጣቶች ደግሞ ወይ አይደርሱም ወይ ያልፉታል። ያን ሁሉ ጊዜ ሳነብ ስለ መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ቀለበቱ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

«ራሱ የሚያስተካክል አዲስ ሌንስ እንፈልግልህ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ «እሱማ ከሆነ ትንሿ ካሜራሽም ትበቃን ነበር» አለኝ። ሊወቅሰኝ ብሎ አልነበረም። እውነቱን ነው፤ ፉል ፍሬሙን የፈለግነው ለዚህ ሌንስ ስንል ነበር።

ክረምቱ ገባ፤ ብርሃኑም ቀነሰ፤ እጁም ባሰበት። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረ። ካሜራው ቡፌው ላይ ተቀመጠ። እናቴ አቧራ ስትጠርግ በጥንቃቄ ታነሳውና ትመልሰዋለች። እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። መሸጥ ነበረብኝ? በሌላ መለወጥ? ስልኬ ውስጥ አሁንም ሌሎች ካሜራዎችን አወዳድራለሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

በአንድ እሁድ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ እናቴ በረንዳው ላይ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። አባቴ ካሜራውን አንስቼ እንዳቀብለው ጠየቀኝ። ክርኖቹን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስደግፎ ዓይኑን አስጠጋ።

«ቀለበቱን አንቺ አዙሪው» አለኝ።

አጠገቡ ተንበርክኬ ሌንሱን ያዝኩ። እሱ የሚያየውን እኔ አላይም።

«ወደ ቀኝ» አለ። «ትንሽ። ትንሽ። አለፍሽ፤ ተመለሺ።»

መለስኩ። እጁ ከጣቶቼ ሥር ይንቀጠቀጣል።

«እዚያው። አትንኪው።»

አነሳ። ምስሉን ከፍተን አየነው። ጥርት ብሎ የወጣው ከእናቴ ኋላ ገመድ ላይ የተሰጣው ጋቢ ነው፤ የእሷ ፊት ደብዝዟል። እናቴ ሽንኩርቷን ይዛ መጥታ አጎንብሳ አየች።

«የጋቢው ጥለት ግን እንዴት ያምራል» አለችው።

«ሌላ እናንሳ» አለ አባቴ። እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እኔም ቀለበቱን ያዝኩ።