የአክስቴ ልጅ ድሮን ይዛ የመጣች ጊዜ

የአክስቴ ልጅ ከካናዳ ለእረፍት የመጣች ዕለት፣ አባቴ ዜና እየተነገረ ከወንበራቸው ተነሡ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ቤት በዜና ሰዓት ሰው አይገባም፣ ሰው አይወጣም፤ እናቴ እንኳ ሳህን የምታነሣው እየተጠነቀቀች ነው። እኔ ከፋብሪካ ስመለስ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ "ገባሽ?" ይሉኛል፣ በቃ። ለእሷ ግን በር ድረስ ሄደው ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበሉ፣ ግንባሯን ሳሟት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እኔና እሷ የተወለድነው በአንድ ዓመት፣ ሱዳን ውስጥ፣ በአንድ የስደተኞች ሰፈር ነው። እናቷ ታማ ስለነበር እናቴ ሁለታችንንም አጠባችን። ከዚያ እኛ ወደ እስራኤል መጣን፣ እነሱ በሌላ በኩል ዞረው ካናዳ ገቡ። እናቴ ይህን ባወራች ቁጥር የምትጨርሰው "የእኔይቱ አልቃሻ ነበረች፤ ያቺ ግን ድምፅዋም አይሰማ" ብላ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎም ያቺ ሕፃን ትበልጠኝ ነበር።

ደግሞ አማርኛዋ! እኔ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አማርኛዬ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው። እሷን እናቷ ቤት ውስጥ በሌላ ቋንቋ አናግራት አታውቅም። "እንደምን ሰነበቱ አባባ" ስትል አባቴ ወደ እኔ ዞር ብለው "ሰማሽ?" አሉኝ። ሰምቻለሁ። አባባ ያለቻቸውንም ሰምቻለሁ።

ያመጣችውን ስጦታ አድላ ስትጨርስ ከሻንጣው ሥር አንድ ጠንካራ ግራጫ ሳጥን አወጣች። ስትከፍተው አራት መዘውር ያለው ነጭ ነገር ስፖንጅ መካከል ተኝቷል።

"ድሮን ነው፤ ለእረፍት በሄድኩበት አገር ሁሉ አበርረዋለሁ" አለች። "አየር ማረፊያው ላይም ከፍተው አይተው፣ ለምን እንደያዝኩት ጠይቀው ነው ያሳለፉኝ።"

"ራህፋን!" አሉ አባቴ፣ ከዜና በሚያውቁት በዕብራይስጥ ስሙ። "በይ ከበረንዳው ላይ አብርሪውና እንየው።"

"አይቻልም" አልኩ። "ከተማ ውስጥ፣ ቤትና ሰው ላይ ክልክል ነው።"

"አንቺ ደግሞ! ሁልጊዜ አይቻልም ነው።"

"እውነቷን ነው አባባ" አለች እሷ። "እኔም ሕጉን ሳላጣራ አላስነሣውም፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ ሕግ አለው። የዚህን አገር ግን ማንበብ ስለማልችል እሷ ታግዘኛለች።"

አባቴ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። የደገመችው እኔ ያልኩትን ነው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ዕውቀት ሆነ።

በማግስቱ በምሳ ሓፍሳካ፣ በእረፍቱ ሰዓት፣ የሥራ ጓደኞቼ ምግባቸውን ሲያሞቁ፣ እኔ ከፋብሪካው አጥር አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጬ አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። እንዲከለክሉን ተመኝቼ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ፣ ፊቴን አሳዝኜ "ምን ይደረግ፣ ክልክል ነው አሉ" የምልበትን አነጋገር ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ስልኩን ያነሣው ሰውዬ ግን ደግ ሆኖ ተገኘ።

"ለመዝናኛ ነው? ለሥራ አይደለም?" አለ።

"ለመዝናኛ ነው። ከቤተሰብ የመጣች እንግዳ ናት።"

"እንግዲያው ይቻላል" አለና አስረዳኝ፤ በቀን ብርሃን፣ ከዓይኗ ሳታርቀው፣ ብዙ ከፍ ሳታደርገው፣ ከቤትና ከሰው ርቃ፣ የጦር አውሮፕላኖች ወዳሉበትም ጭራሽ ሳትጠጋ። አጠገቧ ደግሞ ሰማዩን የሚያይላት ሌላ ሰው ቢቆም ጥሩ ነው አለኝ። የት እንደምናበርረው ሲጠይቀኝ ሞሻቭ በሚባል የገበሬዎች መንደር ውስጥ አባቴ የሚያውቁትን አንድ ማሳ ነገርኩት። ካርታውን አየና "እዚያ ችግር የለም፤ ባለመሬቱን ብቻ አስፈቅዱ" አለ። "ለእህትሽ መልካም እረፍት በያት።"

እህቴ አይደለችም ልለው ነበር፤ ዘጋው።

እስራኤል እንደገባን የአባቴ የመጀመሪያ ሥራ እዚያ ማሳ ላይ ነበር። ያኔ ያሠሯቸው ሽማግሌ ሞተው አሁን መሬቱን ልጃቸው ነው የሚያርሰው። ማታ ልደውልለት ስልኩን ሳነሣ አባቴ እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጪው። እኔ አናግረዋለሁ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ የአባቴ አፍ እኔ ነኝ። ባንክ፣ ሐኪም ቤት፣ የአውቶቡስ ሾፌር ጋር ሳይቀር "አንቺ አውሪልኝ" ይሉኛል። ዕብራይስጥ ያውቃሉ፤ ግን ያፍራሉ። በዚያ ምሽት ግን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረጉ፣ እየሳቁ ተናገሩ። እሷ በሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጣ አንድም ቃል ሳይገባት በደስታ ታያቸዋለች። "ፈቀደ!" ብለው ሲጨርሱ አጨበጨበችላቸው። እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት በእኔ አፍ ሲናገሩ ኖረው፣ ለእሷ ሲሆን ሐፍረቱ የት ሄደ?

ዓርብ ጠዋት በእኔ መኪና ሄድን። አባቴ ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ለበሱ። እናቴ ታጣፊ ወንበሮችና ውሃ ጫነች። አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት ገና እየተሠራ ስለነበር ክሬኖቹን እያሳየኋት አለፍን፤ "ባለፈው ዓመት እዚህ ምንም አልነበረም" አልኳት፣ እኔ የሠራሁት ይመስል። ከዚያ አስፋልቱ አለቀና በስንዴው መካከል በአቧራማው መንገድ ገባን። ስንዴው ቢጫ ማለት ጀምሯል።

እሷ ሳጥኑን ከፍታ ባትሪውን ገጠመች፤ መዘውሮቹን አንድ በአንድ ነካካች፤ ሣር ነቅላ በትና ነፋሱን አየች። አትቸኩልም። ድሮኑ እንደ ንብ መንጋ እየጮኸ ሲነሣ እናቴ "እልልል!" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ ከአክስቴ ልጅ ትከሻ በላይ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

"ያ ባለ ኮቱ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት አባባ። እጅዎን ያውለብልቡ።"

አባቴ ለሰማዩ እጃቸውን አውለበለቡ። ሲያውለበልቡ አይቻቸው አላውቅም።

"እስቲ ወደ ቤታችን ውሰጂውና በረንዳችንን ልየው።"

"ወደ ቤቶቹ አይቻልም አባባ።"

"ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ" አሉ ፈገግ ብለው።

ስክሪኑን ማየት ተውኩና ወደ ሜዳው ዞርኩ። አውሮፕላኑን ያየሁት ስለዚህ ነው። ለእርሻ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን፣ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ብሎ፣ ስንዴውን የሚነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ወደ እኛ ይመጣል።

"አውርጂው!" ብዬ ጮህኩ። "አውሮፕላን! አሁን አውርጂው!"

ቀና ብላ እንኳ አላየችም፤ ድሮኑን ቀጥ አድርጋ ወደ መሬት አወረደችውና ስንዴው ውስጥ አስቀመጠችው። አውሮፕላኑ ከማዶ ባለው ማሳ ላይ ዞሮ፣ መድኃኒቱን ረጭቶ ተመለሰ። እሷ ግን ጣቷን ከመቆጣጠሪያው ቶሎ አላነሣችም።

"እንዴት ያለች ልጅ ናት!" አሉ አባቴ። "አየሽ አወራረዷን? ምንም አልደነገጠችም!"

እናቴም "ጎበዝ! ጎበዝ!" አለች። እኔ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። መጮህስ የእኔ ነበር፤ አልቃሻዋ ጮኸች፣ ያቺኛዋ ድምፅዋም አልተሰማ።

"ያየችው እሷ ናት አባባ" አለች የአክስቴ ልጅ። "እኔ ስክሪኑ ላይ ነበርኩ። እሷ ባትኖር ምን ይደርስ እንደነበር አላውቅም።" ከዚያ መቆጣጠሪያውን ዘረጋችልኝ። "አሁን ሰማዩን እኔ አይልሻለሁ። አንቺ አብርሪው።"

"አልፈልግም።"

"ያዢው እንጂ!" አለች እናቴ።

ያዝኩት። አውሮፕላኑ መሄዱን አይተን ብዙ ከቆየን በኋላ አስነሣሁት። መጀመሪያ ወደ ጎን ሸሸብኝ፤ ቀስ እያልኩ ስመልሰው ታዘዘኝ። ስንዴው በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ከላይ አየሁት፤ ደስ ሲል! "አባ፣ ይዩልኝ!" ብዬ ዞር ስል አባቴ የሉም። ባለመሬቱ በመኪናው መጥቶ፣ ከአባቴ ጋር ከመንገዱ ዳር ቆመው ስለ ሟቹ አባቱ ይጫወታሉ። አወረድኩትና መቆጣጠሪያውን መለስኩላት።

የእረፍቷ ጊዜ ሲያልቅ አየር ማረፊያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ብዙ አላወራኋትም። እሷ ነች የጀመረችው።

"አባባ በረንዳ ላይ ስንቀመጥ ስለ አንቺ ነው የሚያወሩኝ። ሠራዊት የገባሽ ዕለት አውቶቡስሽ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ቆመው፣ ቤት ገብተው ምግብ አልቀምስ እንዳላቸው ነገሩኝ። እዚያ ፋብሪካ ያለሽን የሥራ ስም በዕብራይስጥ ለመጥራት ብቻቸውን ሲለማመዱ እንደከረሙም ነገሩኝ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይበልጥ ቀናሁ። የራሴን ታሪክ እንኳ ቀድማኝ ሰማችው!

"ለእኔ አንድም ቀን አልነገሩኝም" አልኳት።

"ስለምጠይቃቸው ነው እኮ" አለች፣ መስኮቱን እያየች። "እኔ የምጠይቀው አባት የለኝም። የሰው አባት እጠይቃለሁ።"

አባቷ የሞቱት ገና ልጅ ሳለች እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቄም አስቤው አላውቅም። መግቢያው ላይ ሻንጣዋን አውርጄላት አቀፍኳት፤ የሚገባትን ያህል አጥብቄ አይደለም፣ ግን አቀፍኳት።

በሚቀጥለው ሰንበት ከሰዓት በኋላ አባቴ በረንዳ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጨነቀኝ።

"አባ፣ መጀመሪያ እዚያ ማሳ ሲሠሩ እንዴት ነበር?"

ተገርመው አዩኝ። ከዚያ ያን ጊዜ እዚያ የሚዘራው ሱፍ እንደነበር፣ ሱፉም ከሰው ቁመት እንደሚበልጥ ነገሩኝ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መሐሉ ገብተው መውጫው ጠፋባቸው። "ድረሱልኝ" የሚለውን በዕብራይስጥ አያውቁትም። ስለዚህ የአገራቸውን ዘፈን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መዝፈን ጀመሩ። ሽማግሌው ባለመሬት ዘፈኑን ተከትለው መጥተው አወጧቸው፤ ከዚያ ወዲያ ባዩዋቸው ቁጥር ዝፈን እያሉ ያስቸግሯቸው ነበር። አባቴ ዜማውን ዝግ ባለ ድምፅ አንጎራጎሩልኝ። ድምፃቸው እንዲህ ያማረ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

"ይህን ለእሷ ነግረዋታል?" አልኩ።

ትንሽ አሰቡ። "የለም። ይህንን አልጠየቀችኝም።"

ደስ አለኝ። እውነት ለመናገር በጣም ደስ አለኝ።