ምርመራ በካስክ ስር

ሰፈርተኛው ፀጉር ሰሪዋን «ዶክተር» የሚላት በቀልድ ነበር፤ እሷ ግን ከልቧ አቤት ትላለች። ነገሩ የጀመረው በየሳምንቱ በሬዲዮ የሚቀርብ የሥነ ልቦና ፕሮግራም ሱስ ሲሆንባት ነው። ባለሙያው ሲናገር ማበጠሪያዋን እንደያዘች ጆሮዋን ቀስራ ትሰማለች፤ በማግስቱ ደንበኛ ሲመጣ ያንኑ ትዘረግፈዋለች። ባለሙያው ሁልጊዜ ሲጨርስ «ራሳችሁን አትመርምሩ፣ ሐኪም አማክሩ» ይላል። እሷም ቃሉን አክብራ ራሷን መርምራ አታውቅም፤ የምትመረምረው ሰው ነው።

እሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጤነኛ ሆኖ የተነሳ የለም። ፀጉሯን ቀይ አስቀብታ በሳምንቱ ወደ ጥቁር ልትመልስ የመጣችውን ባለሱቅ «አንቺማ ባይፖላር ነሽ፤ ስሜትሽ ከጫፍ ጫፍ ይዘላል» አለቻት። በሯን መቆለፏን የተጠራጠረች ጎረቤት አስጨናቂ ሐሳብ የሚደጋገምበት በሽታ ተለጥፎባት ወጣች። ፀጉሯ የተጠቀለለበት ቢጎዲን ጠብቆባት ፊቷን ያጨማደደች ሙሽራ እንኳ የጭንቀት ሕመም አለብሽ ተብላ በጥልቀት እንድትተነፍስ ታዘዘች። ቢጎዲኑን ማላላት ትዝ ያለው የለም። ደንበኞቿ ግን ይወዷታል። ፀጉራቸውን ፎን ሊደረጉ መጥተው የበሽታ ስምና «ይድናል» የሚል ቃል ተመርቆላቸው መሄድ ምን ይጠላል?

ከዚህ ሁሉ ምርመራ የተረፈ አንድ ሰው ቢኖር ባሏ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ አውቶቡሶቹን ሲሸጥ ነጂዎቹንም አሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በስስ የቺፑድ ግድግዳ ተከልሎ ይተኛል። ጎህ ሳይቀድ ይነቃል፤ ግን አይነሳም። የቀረበለት ምግብ እንደቀረበ ይመለሳል። በኳስ ያብድ የነበረው ሰውዬ ዛሬ ጨዋታ አለ ሲሉት ፊቱን ያዞራል። ለዚህ ለዚህ ሚስቱ ሬዲዮ አላስፈለጋትም። «ስንፍና!» አለች፤ በቃ። ሕክምናውም ጩኸት ነበር፤ ጠዋትና ማታ ሳታጓድል ትሰጠዋለች።

አንድ ቅዳሜ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠች አስተማሪ የወንድሟን ነገር አነሳች።

«ዶክተርዬ፣ ወንድሜ እኮ ሰው ጠላ። ከቤት አልወጣ ብሏል። ምን ሆኖ ይሆን?»

ፀጉር ሰሪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ድባቴ ነው የኔ እናት! እንዲሁ ሐዘን እንዳይመስልሽ። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ አይለውም፤ እንቅልፉ ይዛባል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ለምንም አልረባም ይላል። ሲብስ ሞትን ይመኛል። ስድብና ቁጣ ያብስበታል እንጂ አያድነውም። ሕመም ነዋ! ሐኪም ያነጋግረዋል፣ ካስፈለገም መድኃኒት ያዝለታል፤ ይድናል!»

«ልክ እንደ ባልሽ ማለት ነው?» አለች አስተማሪዋ በየዋህነት።

«የእኔውማ ስንፍና ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ መሃል ላይ ግን ሳቁ ከዳት። የተናገረችውን አንድ በአንድ አሰበችው፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ኳሱን። «ሲብስ» ያለችው ላይ ስትደርስ ማበጠሪያዋን ወረወረች። አስተማሪዋን ካስክ ስር እንደተቀመጠች ጥላት ወደ ጓዳ ሮጠች።

ባሏ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ለሰፈሩ ሁሉ የበሽታ ስም ስታወጣ የኖረችው ሴትዮ የምትለው ጠፋት።

«ምን ይሰማሃል?» አለችው በመጨረሻ።

ዓይኑን ከጣሪያው አላነሳም። ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«ሞት ያሰኝሃል እንዴ?»

ፊቱን ወደ ቺፑዱ ግድግዳ አዞረ።

«ኧረ ዶክተር፣ ካስኩ አቃጠለኝ!» ብላ አስተማሪዋ ከወዲያ ጮኸች። ሌላዋ ደንበኛ ተነስታ አጠፋችው። ፀጉር ሰሪዋ ከአልጋው ንቅንቅ አላለችም። የባሏን እጅ ይዛ ታለቅስ ጀመር።

«ምላሴ ይቆረጥ» አለችው። «የእኔ ሬዲዮ መስማት ምን ያደርጋል? አሁኑኑ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። ያመመህ ነገር ይድናል፣ እሺ?»

«ለሰው ሁሉ ‹ይድናል› ስትይ በግድግዳው እሰማሻለሁ» አለ እሱ። «ለእኔ መቼ ትይኝ ይሆን እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር።»