አቤት የሚለው ብሎክ

አክስቴን ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። "አቤት" ነው የሚሏት፤ ስሙንም ያመጣችው ራሷ ነች። ሥራዋ ካቶድ መፈተሽ ነው፤ አልሙኒየም የሚቀልጥበት ገንዳ ወለል ላይ የሚደረደረውን፣ ከሰው የሚረዝመውን ጥቁር የካርቦን ብሎክ። የተፈጨ ከሰል በሬንጅ ተለውሶ፣ ተጠቅጥቆ፣ ምድጃ ውስጥ ለሳምንታት ይጋገራል። ሲወጣ አክስቴ በመዶሻ መታ ታደርገውና ጆሮዋን ትጥላለች። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮሃል። "አቤት አለ" ትላለች። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው። "ዘጋኝ" ትልና በጠመኔ ትሰርዘዋለች። ስንጥቅ ካለፈ የቀለጠው አልሙኒየም በዚያው ሾልኮ ሰው ያቃጥላል። ስለዚህ ከተጠራጠረች ምሕረት የላትም።

ምድጃውን የሚመራው ባሏ ነው፤ ጋሽ ረመጥ እንለዋለን። ቤታቸው ፍቅር በፍቅር፣ ፋብሪካ ውስጥ ግን ዓይንና ናጫ። አንድ ብሎክ ስትሰርዝበት "ደግመሽ ምቺው!" ይላል። "እንደ ምላስህ ቢበስል ኖሮ ባልዘጋኝ" ትለዋለች። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ከጎኗ ሆኜ የብሎኮቹን ትቢያ እየጠረግሁ በሳቅ እሞታለሁ።

አንድ ጠዋት የመጀመሪያውን መታችና "ዘጋኝ" አለች። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ረድፉን በሙሉ ሰረዘችው። እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንዱም አልተሰነጠቀም። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ረመጥ መጣ። ዛሬ ጉድ ፈላ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

"ልክ ነሽ" አላት ጮክ ብሎ። "እሳቱን አጣድፌው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ክው አልኩ። ያ ሰው እኮ የወለደችው እናቱ ብትነግረው እንኳ እሳቴ ተበላሸ የማይል ነው። ደግሞስ ረድፍ ሙሉ ያበላሸ ከምድጃው እንደሚነሳ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል?

አክስቴ አፈጠጠችበት። "አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? መቼ ነው ደግሞ ልክ ነሽ ብለኸኝ የምታውቀው?" መዶሻውን ለእኔ ሰጠችኝ። "እስቲ አንቺ ምቺው።"

መታሁት። ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ቀና ስል ጋሽ ረመጥ ከጀርባዋ ቆሞ ራሱን ይነቀንቅብኛል፤ አትንገሪያት ማለቱ ነው። አክስቴ ዓይኔ ወዴት እንደሄደ አየችና ዞር ስትል እጅ ከፍንጅ ያዘችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?"

"ቆይቷል" አለ፣ አሁንም ድምፁን ሳይቀንስ። "መጀመሪያ ስጠራሽ ዝም ስትዪ የዘጋሽኝ መስሎኝ ነበር።"

አላለቀሰችም። በቱታዋ እጅጌ ጠመኔውን ከየብሎኩ ላይ ጠረገች። ፎርማኑ "ምን ተፈጠረ?" እያለ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መለሰችለት።

"ብሎኮቹ አቤት ብለዋል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። የእሱ እሳት ምንም አልሆነም። ከዛሬ ጀምሮ የእህቴ ልጅ ትምታ።"

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ባሏ ጦሱን ሊሸከም ቆርጧል። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፣ ምን ይደበቃል። በሰው እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አሁን መዶሻው እኔ ጋ ነው፤ ትቢያውን የምትጠርገው እሷ ነች። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ረመጥ ይመጣል። ድሮ ከበሩ ላይ ሆኖ ይጣራ ነበር። አሁን አጠገቧ ድረስ ይሄድና ትከሻዋን በጣቱ መታ ያደርጋል።

"አቤት" ትላለች፣ ዞር ሳትል።