እባጭ የሌለው የባቄላ ሥር

ባለፈው የገበያ ቀን ሰቆጣ ውስጥ አንድ ጎልማሳ የፀረ አረም መርጫ አዝሎ አጠገቤ አለፈ። ሽታው ሲደርሰኝ አፍንጫዬን ይዤ ዞር አልኩ። ስንት ዘመን ቢያልፍም አፍንጫ አይረሳም!

አሥረኛ ክፍል ሳልገባ ሁለቱ ወንድሞቼ ዐረብ አገር ሄዱና የእርሻው ሥራ በአባቴ ላይ ብቻ ወደቀ። አረም ደግሞ ሰው አይጠብቅም። በእኛ አገር ወንፈል የጠራ ሰው በተራው ለጎረቤቱ ሄዶ ያርማል፤ አባቴ ብቻውን ለስንቱ ይድረስ? ሰው ፊት ከሚያፍር ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ “መድኃኒት” የምንለውን ፀረ አረም ገብሱ ላይ ረጨ። አረሙ ሲጠወልግ ጊዜ ደስ ብሎት ደገመው፤ በዓመቱም እንዲሁ አደረገ። ቀጥሎ እዚያው ባቄላ ዘራ። የጾም ሽሯችን ከዚያች ማሳ እንጂ ከሌላ አይመጣም።

ባቄላው ቢጫ ሆነ። ዝናቡ ነው አልን።

መስከረም ላይ የባዮሎጂ መምህራችን ባቄላ ከነሥሩ ነቅለን እንድናመጣ አዘዙን። የጓደኞቼ ባቄላ ሥር ላይ ምስር የሚያካክሉ እባጮች ነበሩ፤ በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ደም ይመስላል።

“በዓይን የማይታዩ ሕያዋን እዚህ ውስጥ ይኖራሉ። ባቄላውን የሚመግቡት እነሱ ናቸው” አሉ መምህሩ።

የእኔ ባቄላ ሥር ግን እንደተላጨ ራስ ልሙጥ ነበር። በማግሥቱ አንድ እቅፍ ነቅዬ መጣሁ፤ አንዱም እባጭ የለውም።

“መሬቱ ላይ ምን ረጫችሁ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። “በላይ በላዩ ሲረጭ እነዚህን ሕያዋንም ሊጎዳ ይችላል።”

ክው አልኩ። ቤት ገብቼ “አባ፣ የረጩት መድኃኒት መሬቱን ሳይጎዳው አልቀረም” ስለው የሚቆረጥመው ቆሎ አፉ ውስጥ ቀረ።

“መሬት ይሞታል እንዴ፣ ልጄ?”

መምህሩ ያሉትን ነገርኩት። ባቄላው ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። ጎረቤታችን አያ ተካ ማሳውን አይተው፣ ነገሩንም ሰምተው አባቴ ላይ ጮኹበት።

“የምትመልሰው ጉልበት ስለሌለህ ነው ያልጠራኸን? ልጆችህ ስንት ክረምት አርመውልናል! ባለ ዕዳዎቹ እኛ አይደለንም ወይ?”

አባቴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ያን ጾም የበላነው ሽሮ ከአያ ተካ ቤት የመጣ ነው። አባቴ ግን አልነካውም፤ እንጀራውን በበርበሬ በላ።

ሰው ሲሞት አፈር ለበሰ እንላለን፤ አፈሩ ራሱ ነፍስ እንዳለው ግን ማንም አልነገረን። ይህ ዛሬም ይዘገንነኛል። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከጽጽቃ እስከ ፃግብጂ ባለው አገራችን ወጣቱ እየተሰደደ መርጫው በየቤቱ ገብቷል። አባቴ የሚጠራው ጎረቤት እያለው አፍሮ ሳይጠራ ቀረ፤ የዛሬው ገበሬ የሚያፍረው ጎረቤት እንኳ የለውም።